ያለ ሰዓቱ የጮኸ ደወል

በዚህ አገር ሰው ጀግና ለመባል መጀመሪያ በደንብ መረሳት አለበት። ሳይረሳ ጀግና የሆነ ካለ እጁን ያውጣ። ሠላሳ አርባ ዓመት ማንም ዞር ብሎ ሳያየው በሰፈሩ ሲመላለስ ይኖርና፣ አንድ ቀን ድንገት «ያልተዘመረለት» የምትባል ቅጽል ትለጠፍበታለች። ከዚያማ የዘማሪው ብዛት! ቅዳሜ ተዘምሮለት ሰኞ ይረሳል፤ ሁለተኛው መረሳት ደግሞ ከፊተኛው ይከፋል። ወዳጄን ይህ ዕድል የገጠመው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልተዘጋጀሁ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ወደ እኛ ብሎክ የምትመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው፣ እሱም ደስ ካላት። ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ስልኬ ጮኸ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ እያለከለክሁ አነሳሁት። የወዳጄ የልጅ ልጅ ናት። ቦሌ አንድ ጂም ውስጥ አሠልጣኝ ሆና የሀብታም ቦርጭ ስታሳድድ ነው የምትውለው።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ፖድካስት ልንሠራ ነው» አለችኝ።

«እግዜር ይማርሽ» አልኳት።

ሳቀች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሽማግሌ ሲቀልድ ትስቃለች። «ስለ አባባ እኮ ነው። ሌጋሲው እንደገና እንዲታይ ነው የምንፈልገው። አባባ በጣም አንደርሬትድ ቦክሰኛ ነው!»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ዋጋውን ያላገኘ ማለት ነው።»

«ይኼማ መላው የኛ ብሎክ ነው» አልኳት።

«አይቀልዱ ጋሼ። ያኔ የውድድሩ ሰዓት ያዥ እርስዎ ነበሩ አይደል? ታዲያ ያለ እርስዎ ማን ይመሰክርለታል?»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩት። የከበደኝ ግን ውሃው አልነበረም። እሺ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? እምቢ ማለት ብችል ኖሮ ይኼ ሁሉ ታሪክ ከነጭራሹ አይኖርም ነበር።

ወዳጄ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። «ጓድ» በምንባባልበት ዘመን አገራችን አንድ ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነበራት። አንድ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ። ቀላል ሚዛኑ እንደ ጉድ ነው፤ ከሰፈሩ ሁሉ ክንዱ እንደ አርጩሜ የቀጠነ ጎረምሳ ይጎርፋል። ከባድ ሚዛን ግን ከየት ይምጣ? በሽሮ? እሱ በሽሮ ነበር የገዘፈው፤ ከፈጣሪ ጋር ምን እንደተዋዋለ እንጃለት። ስለዚህ ሻምፒዮና በመጣ ቁጥር ጓንቱን አጥልቆ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሪንጉ ላይ ይወጣል። ተጋጣሚ የለም። ዳኛው ብቻውን የቆመውን ሰው እጅ ያነሣለታል። ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ አንዲት ጡጫ ሳይሰነዝር፣ ላብ እንኳ ሳይወጣው ይወርዳል።

ሕዝቡማ ምን ሥራ አለው? «አየር መቺው» አሉት። እኔም ስቄያለሁ፤ ያልሳቀ አልነበረም። ሯጭ ቢሆን ኖሮ እሺ። ይኼ አገር የሚያውቀው ጀግና የሚሮጥ ነው፣ ቆሞ የሚመታ አያውቅም። እሱ ደግሞ እንኳን ሊሮጥ ዝናብ ሲመጣም አይቸኩልም።

በዕድሜው አንዴ ብቻ ተጋጣሚ አገኘ። ከወዳጅ አገር ቡድን መጣ፤ ከቡድኑ ውስጥ እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ አንድ ከባድ ሚዛን ነበር። ወዳጄ ገጠመው፤ በነጥብ ተሸነፈ። በሳምንቱ ጓንቱን ሰቅሎ ቦሌ ሚካኤል ወረደና ብየዳ ቤት ከፈተ። «አየር መምታት ለምዶ ሰው ቢያገኝ ጊዜ ጠፋው» ብለው ሳቁበት፣ ከሳቁም በኋላ ረሱት። የከባድ ሚዛናችን ታሪክ በሙሉ ይኸው ነው። መጽሐፍ ቢሆን ሽፋኑ ይበዛበታል።

እንግዲህ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር አለ። ልናገረውና ይውጣልኝ።

ያኔ የውድድሩ ኮሚቴ ጎረምሳ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሰዓት መያዝም የእኔ ሥራ ነበር። እንግሊዝኛ ትችላለህ ተብዬ እንግዶቹን እንዳስተናግድ ተመደብኩ። የምችለው «ጉድ ሞርኒንግ»ን ነበር፣ እሱንም ከሰዓት በኋላ ጭምር እለው ነበር። ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ምሳ ጋበዝናቸው። ግዙፉ ሰውዬ እንጀራውን በጣቱ ቢይዘው ይቀደድበታል፣ ወጡ ይፈስበታል፤ አሳዘነኝ። ጠቅልዬ አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛ አከልኩለት፤ ለእናቴ ልጅ እንኳ የማላደርገውን ሦስተኛም ደገምኩት። ሰውዬው በርበሬው አስለቅሶት፣ እየሳቀ ግንባሬን ሳመኝ። ከኪሱ የእናቱን ፎቶ አውጥቶ አሳየኝ። አለቀ፤ ዘመድ ሆንን።

በማግስቱ ሪንጉ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጫለሁ፤ በግራ እጄ የሰከንድ መቁጠሪያዋን ሰዓት፣ በቀኜ የደወሉን መዶሻ ይዣለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሌላ የሰዓት ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም። ሦስቱ ደቂቃ መቼ እንደሚሞላ የማውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን። ሁለቱን ዙር እንግዳው ወሰደው፤ ወዳጄ እውነተኛ ሰው ፊቱ ቆሞ ሲንቀሳቀስ ግራ ገብቶት ነበር። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ዙር ግን አገኘው። አንዲት ቀኝ። እንግዳው እንደ ጤፍ ጆንያ ዘጭ አለ። የአዳራሹ ጣሪያ በጩኸት ሊነሣ ደረሰ። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። አሥር ከሞላ በዝረራ አበቃ ማለት ነው። አሥር ሳይሞላ የመጨረሻው ዙር ደወል ከጮኸ ግን በዚያ ዘመን ሕግ ቆጠራው ይቋረጥና ነገሩ ወደ ነጥብ ይሄዳል።

ሰዓቷን አየሁ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ይቀራል። እንግዳው የወደቀው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው። ትናንት ያጎረስኩት አፍ ተከፍቶ ደም ያዝረከርካል። አጠገቤ የተቀመጠው የውድድሩ ኮሚቴ አለቃ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «ኧረ እንግዳ ነው… ነውር ነው» አለ። ደውል አላለኝም። እንዲህ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን በእሱ አሳብቤ ጥሩ እንቅልፍ እተኛ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ተነሣች፤ ደወሉ ጮኸ። ዳኛው ስድስት ላይ ቆመ። በነጥብ ለእንግዳው ተሰጠ። አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጨዋ ልጅ» አለኝ። እንግዳ ተቀባይነታችን ተረጋገጠ፣ እልል በሉ!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ግን ተገለባበጠ፤ የተወጋው መወጋቱን ሳያውቅ ሲኖር፣ እንቅልፍ ያጣሁት የወጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ልለየው አልቻልኩም። መጀመሪያ ጥፋቴን ልነግረው እየፈለግሁ ተጠጋሁት፣ በኋላ ግን ከልቤ ወደድኩት፤ ስወደው ደግሞ ጭራሽ መናገር አቃተኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ከቦሌ ሚካኤል፣ እኔ ከአያት መጥተን ጉርድ ሾላ አንዲት ካፌ እንገናኛለን። እሱ ሻይ፣ እኔ ማኪያቶ፣ መሐላችን አንድ ሳህን ፍርፍር። ወሬ ሁሉ ሲያልቅብን እጁን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አገላብጦ እያየ «እጄ ነው የከዳኝ» ይላል። ያኔ እኔ ስለ ሽንኩርት መወደድ አነሣለሁ። የሽንኩርትን መወደድ እንደ እኔ የተነተነ ሰው በከተማው ያለ አይመስለኝም።

የቀረጻው ዕለት በዚያችው ካፌ ተቀጣጠርን። እኔ በባቡር መጣሁ፤ ማለቴ ባቡሩ ትዕግሥቴ ካለቀ በኋላ መጣ። እሱ የልጁን ሠርግ ያየበትን ኮት ለብሷል። ቁልፎቹ ከቀዳዳቸው ጋር ከተያዩ ዘመን አልፏል። ወደ ቦሌ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን፤ ሁለት ሰው የሚቀመጥበትን እሱ ብቻውን ሞላው፣ እኔ ጠርዟ ላይ ተንጠለጠልኩ። ትንሽ እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝ።

«በል።»

«ይቺ ልጅ ትወደኛለች። ስለምትወደኝ ጀግና ልታደርገኝ ነው። እኔ አልፈልግም።»

«ማን ይጠላል ጀግና መሆን?»

«የማይገባው ሰው። አንዴ ስቀውብኛል፣ ቻልኩት። ሁለተኛ ግን አልችልም፤ የልጅ ልጄ ፊት አልችልም። አንተ እዚያ ነበርክ። እውነቱን ንገራት። ጡጫው ሰው መሬት ላይ አያስቀርም ነበር በላት።»

«ጥለኸዋል እኮ!»

«ጣልኩት፤ ተነሣ። ባለ በሌለ ኃይሌ ነበር የመታሁት፤ ከዚያ በላይ አልነበረኝም። እጄ ከዳኝ። ለዚህ ነው የተውኩት፤ ለዚህ ነው ልጄን ጓንት ያላስነካሁት። የእኔን እጅ ወርሶ እንዳይዋረድ ብዬ» አለኝ። «አንተ አትዋሽም። ለዚህ ነው ልምጣ ያልኩት።»

አንተ አትዋሽም! ሚኒባሱ ውስጥ አየር አጠረኝ፤ መስኮት ክፈቱ ብል አንዲት ሴትዮ ብርድ ይመታኛል አለች። ከዚያ እስክንወርድ ያየሁትን መንገድ አላስታውስም።

ስቱዲዮው መስታወት ለብሶ የቆመ ሕንጻ ላይ ነው። ግድግዳው ጡብ የሚመስል ወረቀት፣ አበባው አበባ የሚመስል ላስቲክ። እዚህ ቦታ ነው እንግዲህ እውነት የሚወራው ብዬ ተቀመጥኩ። ማይክሮፎኑ የሕፃን ራስ ያህላል። የጆሮ ማዳመጫው ወዳጄ ጭንቅላት ላይ አልገባ ብሎ፣ ካሜራ የያዘው ልጅ ሲስበው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ልጅቷ ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ለካሜራው ፈገግ አለች፤ «ዛሬ ያልተዘመረለት ጀግና…» ብላ ጀመረች። ይኸው መጣች ቅጽሏ።

መጀመሪያ እኔን ጠየቀችኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው አለችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ለቀቅሁት፤ «ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ከትልቅ ከትንሹ ተግባቢ፣ ለተቸገረ ደራሽ…»

«ሞትኩ እንዴ?» አለኝ ወዳጄ።

እውነቱን ነው፤ ከቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ቀድቼ ነበር የማነበንበው። የሚሸሽ ሰው ብዙ ቅጽል ይጠቀማል።

ልጅቷ ስቃ ወደ እሱ ዞረች። ስለዚያ ውድድር ጠየቀችው፣ እሱም ሳያጋንን ሳያሳንስ ነገራት፤ ሁለቱን ዙር እንዴት እንደተበለጠ፣ በሦስተኛው እንዴት እንዳገኘው፣ ሰውየው እንዴት እንደወደቀ። «አዳራሹ ሲጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ነው የጮኸው» አለ። «ከዚያ ደወል ሆነ፣ ሰውየው ተነሣ። ልጄ፣ ጀግና አትበይኝ። ጀግና ቢሆን እጁ አይከዳውም። ይኸው ምስክር፣ ጠይቂው» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

ልጅቷ አየችኝ። ፈገግታዋ ለካሜራው እንዳለ ነው፣ ዓይኗ ግን ልክ አያቷ ፍርሃት ሲይዘው እንደሚያደርገው ጠበብ ብሏል። እኔ የእሱን እጅ ነበር የማየው። ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የብየዳ ፍንጣሪ ያቆሰለው፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ አርባ ዓመት በሐሰት ሲወቀስ የኖረ እጅ። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ራስ ከተመለጠ ቆየ፤ አፌ ገና ያኔ ነው ያመለጠኝ።

«እጁ አልከዳውም» አልኩ። «ደወሉን ቀድሜ የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ላስቲኩ አበባ እንኳ የደነገጠ መሰለኝ።

«ምን አልክ?» አለኝ።

«ሰዓቱ አልሞላም ነበር። ቀድሜ ደወልኩ።»

«ስንት ቀርቶ?»

«ሃያ ሁለት ሰከንድ።»

«ዳኛው ስንት ደርሶ ነበር?»

«ስድስት።»

ያንን ትልቅ እጁን አነሣና ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ቆጠረ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አራቱ ጣቶች እንደተዘረጉ አያቸው። «አራት ነው የሚያስፈልገኝ የነበረው» አለ በቀስታ። «ሃያ ሁለት ነበረኝ። የሚያስፈልገኝ አራት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለምን?»

አርባ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ስንት የሚያምር መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ! የአገር ክብር፣ የዘመኑ ፍርሃት፣ የአለቃ ግፊት። አንዱም ትዝ አላለኝ።

«አጉርሼው ነበር» አልኩት።

«እኔን አጉርሰኸኝ አታውቅም?» አለኝ።

ማይክሮፎኑን በክንዱ ገፍቶ ተነሣ። ሊፍቱን አልጠበቀም፤ ደረጃውን ሲወርድ ሕንጻው ሁሉ ይሰማል። ልጅቷ ተከትላው ሮጠች። ካሜራ የያዘው ልጅ ብቻ ከእኔ ጋር ቀረ። «ፋዘር፣ ይኼ እኮ ቫይራል ነው!» አለኝ፤ ዓይኑ ያበራል። ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

ወዳጄ ለልጅ ልጁ «ልቀቂው» ብሏት ኖሮ ለቀቀችው። በሁለት ቀን ከአያት እስከ ቦሌ ያላየኝ የለም። አንዱ ይኼ ሽማግሌ ይታሰር ይላል፤ ሌላው ሰዓቱን ሸጦ ይካሰው ብሎ ይመክራል፤ አንዷ ደግሞ «እኚህ አባት ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሮጡት?» ብላ ጠይቃለች። የብሎካችን ጥበቃ ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ሰዓት ስንት ነው?» ይለኛል። የራሱ ሰዓት እጁ ላይ አለ። ይበለኝ።

ቅዳሜ ጉርድ ሾላ ሄድኩ። አስተናጋጇ እንደ ልማዷ ሻዩንም ማኪያቶውንም አምጥታ አስቀመጠች፤ ሻዩ እስኪበርድ ጠበቅሁ፣ ከበረደም በኋላ ጠበቅሁ። አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም። ናፈቀኝ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፤ ያ ኮቱ የማይቆለፍ፣ ሻይ ሲጠጣ እንደ ቧንቧ የሚንፏፏ ሰውዬ ናፈቀኝ፤ ፍርፍሩ ላይ እንባዬ ዱብ አለ።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ልላክ ብዬ አሰብኩ። በጣቴ ቆጠርኩ። ከሚያውቁን እኩዮቻችን ግማሹ አፈር ውስጥ ነው፣ አንዱ አይሰማም፣ አንዱ ከሰማ አይረሳም። ያስታርቀኝ ብዬ ዘወትር ሰው ጋ የምልከው ሽማግሌ ደግሞ ወዳጄ ራሱ ነበር። እንግዲህ ለራሱ ራሱን ልላክበት?

ብቻዬን ሄድኩ። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የብረት በሮች የተደረደሩባት ብየዳ ቤቱ። ያችን የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ያኔ መመለስ ነበረብኝ፣ አልመለስኳትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ እንደ ኃጢአት ተቀምጣ ኖራለች። ስገባ የልጅ ልጁ አለች። እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ ነው። ከጣሪያው ብረት ላይ በሰንሰለት አንድ ጆንያ ተንጠልጥሏል፤ በሰጋቱራና በፍራሽ ስፖንጅ ጥቅጥቅ ተደርጓል። ቀና ብሎ አየኝ፣ ሰላም አላለኝም።

«ይቺን ውሰዳት» ብዬ ሰዓቷን ዘረጋሁለት።

«እኔ ምን ላድርጋት? ያዛት እንጂ» አለኝ። በአገጩ ወደ በሩ አመለከተኝ። እንደ ተማሪ ቤት ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ አለ፤ ሥሩ መዶሻ። «ሦስት ደቂቃ» አለ።

«አባባ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?» አለችው ልጅቷ።

«ሐኪሙ ቦክሰኛ አይደለም» አላት። ተነሥቶ ጆንያው ፊት ቆመ። «ጀምር» አለኝ።

ሰዓቷን ተጫንኳት። ተበላሽታለች ብዬ ነበር፤ እንደ ጉድ መቁጠር ጀመረች። የመጀመሪያው ደቂቃ አማረበት፤ ጆንያው ሲጮህ የጎረቤት በያጆች ሥራቸውን ትተው በር ላይ ቆሙ። በሁለተኛው ትንፋሹ ተሰማ። ሦስተኛው ሲጀምር እግሮቹ መሬቱን እየፈለጉት ነበር፤ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ጆንያውን መታው፤ ደገፈው፤ እንደገና መታው።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ይደውሉ! ልቡ ጥሩ አይደለም!» አለች ልጅቷ። ታለቅሳለች።

ሰዓቷን አየሁ። ሃያ አምስት ሰከንድ ይቀራል። ሃያ አራት። ሃያ ሦስት። እጄ ወደ መዶሻው ስትሄድ አየኋት፤ ያቺው እጅ ናት፣ አወቅኋት። ያው ርኅራኄዋ፣ ያው ጨዋነቷ። ወዳጄ ጆንያውን በሁለት ክንዱ አቅፎ ቆሟል፤ የሚያየው ግን ጆንያውን አይደለም፣ እኔን ነው። እንዳትሞክራት የሚል ዓይን ነው። የከዳችው እጅ ይቺ እንደሆነች ሁለታችንም ካወቅን ሰነበትን።

እጄን ኪሴ ከተትኋት። ልጅቷ እጅጌዬን ትጎትተኛለች፣ «ምን ዓይነት ሰው ነዎት!» ትለኛለች፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እዚያ ቆሜ እየቆጠርኩ ነበር። ከላያችን አውሮፕላን አለፈ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ሰዓቷ አልቸኮለችም። እሱ ከጆንያው ተላቆ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ቀኝ እጁን ሰበሰበ። ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ሰንሰለቱ ተንጫጫ። አሥር ቀረ። አምስት። አራት። እነዚያን አራት ሰከንዶች አንድ በአንድ ጠበቅኋቸው።

ሦስቱ ደቂቃ ሲሞላ ቸርኬውን መታሁት።

ዱካው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ልጅቷ ውሃ አጠጣችው። ብዙ ከተነፈሰ በኋላ እጁን ከጨርቁ ፈትቶ አየው፣ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አየህ፣ ማንም አልሞተም» አለኝ።

ወደ ልጅቷ ዞረ። «ለእሱም ወንበር አምጪለት» አላት። «ገና ሁለት ዙር ይቀረናል።»